ከወሎ ሆኖ ስለ ምግብ መጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለመጽሔቶች ስለ ምግብ እጽፋለሁ፣ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት አሰናዳለሁ፣ ከደሴ እስከ ላሊበላ ላሉ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር አዘጋጃለሁ። በሙያው መሠማራት የሚፈልጉ ወጣቶች፣ ሆቴል የከፈቱ ሰዎች፣ አንዳንዴም «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» የሚሉ ዘመዶች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ይህ ሥራ ነው ወይስ ሲበሉ መዋል?

ከሥራው ሁሉ የሚያንሰው መብላቱ ነው። የሚበዛው ገበያ ወጥቶ የበርበሬና የሽንኩርት ዋጋ መመዝገብ፣ ማድ ቤት ቆሞ መጠየቅ፣ መመዘን፣ ያንኑ ወጥ ደግሞ ደጋግሞ መሥራት፣ ከዚያ ደግሞ መጻፍ ነው። ገቢውም ከአንድ ቦታ አይመጣም። መጽሔቱ ስም ያወጣል፣ መጽሐፉ ከጸሐፊው በኋላም ይቀመጣል፣ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ግን የሆቴሉ ሥራ ነው። ሦስቱን አጣምሮ መያዝ ያልቻለ ሰው ሌላ ቋሚ ሥራ ይዞ በትርፍ ጊዜው ቢጽፍ ይሻለዋል።

ሙያውን የት ይማሩታል?

«የምግብ ጋዜጠኝነት» ብሎ የሚያስተምር ክፍል አይፈልጉ። ጋዜጠኝነቱን በዩኒቨርሲቲ፣ የሆቴል ማድ ቤት አሠራሩን በአዲስ አበባው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ወይም በየከተማው ባሉ የሙያ ኮሌጆች መማር ይቻላል። ዋናው ትምህርት ግን ያለው ሠርግ ቤት ነው። ለብዙ መቶ ሰው ወጥ የምታወጣ ባለሙያ ሴት አጠገብ ሽንኩርት እየላጡ ሌሊቱን ያሳለፉ እንደሆነ ስለ እሳት፣ ስለ ጊዜና ስለ ሰው አያያዝ የሚያውቁት ነገር ከብዙ ተመራቂ ይበልጣል።

ወሎ ሲባል ዓለም የሚያስታውሰው ረሃብን ነው። ከዚህ አገር ሆኖ ስለ ምግብ መጻፍ አይከብድም?

ይከብዳል፤ ሊከብድም ይገባል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን ለአገሩ ሰዎች አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተሰባጥሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወረዱ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ቢቢሲ የማይክል ቡርክን ዘገባ ከኮረም አስተላለፈ፤ ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። እንግዲህ ከዚህ ምድር የወጡት ታላላቆቹ የምግብ ዘገባዎች የምግብን መጥፋት የሚናገሩ ናቸው። አንደኛው ዘገባ፣ ረሃብተኛውንና ግብዣ ላይ የተቀመጠውን ጎን ለጎን በማስቀመጡ ብቻ፣ የመንግሥት መውደቅ አጃቢ ሆኗል። ምግብ ቀላል ርዕስ ነው ለሚሉኝ ሰዎች ይህንን እነግራቸዋለሁ።

ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያስቆጣኛል። አንዱ ረሃብ ያልነበረ ይመስል ቅቤና ማር ብቻ የሚያፈስ ነው። ሌላው ስለ አንድ ሰሃን ሽሮ ሲጽፍ እንኳ 77ን ሳያነሣ የማያልፍ ነው። እኔ የምመርጠው መንገድ ክፉ ቀን ያስተማረውን ዕውቀት እንደማንኛውም የማድ ቤት ዕውቀት ቆጥሮ መጻፍ ነው። ሳማ እንዴት ሳያቃጥል እንደሚለቀምና እንደሚቀቀል፣ አሉማ የተባለው ቅጠል ከምን ጋር እንደሚሠራ፣ በለስ በክረምት ስንት ቤት እንደሚደግፍ የሚያውቁ እናቶች አሉ። የደጋው ወሎ ገበሬ የበልግ ዝናብን ይጠብቃል፤ ዝናቡ ከየካቲት ጀምሮ በጊዜው ከጣለ ሌላው አካባቢ ጎተራው በሚጎድልበት በሰኔና በሐምሌ አዲስ ገብስ ይደርስለታል። በልግ የቀረ እንደሆነ የቆሎው፣ የበሶውና የጠላው ወሬ ሁሉ ይለወጣል። ከዚህ ወዲያ ስለ ምግብ የሚጽፍ ሰው ዝናቡን አልከታተልም ቢል አልሰማውም።

ስለ ወሎ ምግብ የተለየ ምን የሚጻፍ አለ? ዶሮ ወጥ የትም ያው ነው።

ዶሮ ወጡን ይተዉት፤ ብዙ ጠበቃ አለው። ወሎን የሚለየው ከፍታና ዝቅታው ነው። ጠዋት ከደሴ ብርድ ተነሥተው በኮምቦልቻ በኩል ሰኞ ባቲ ገበያ ይድረሱ። በጥቂት ሰዓት መንገድ ከገብስና ከስንዴ አገር ወጥተው ማሽላ እንጀራ የሚጋገርበት፣ የአማራው፣ የኦሮሞውና የአፋሩ ገበያተኛ የሚገናኝበት፣ ፍየልና ግመል የሚሸጥበት ቦታ ላይ ይቆማሉ። የገበያተኛው አገልግል ውስጥ ያለው ምግብ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ለአንድ መጽሔት የሚበቃ ጽሑፍ እዚያ ገበያ ዳር ቁጭ ብሎ የምሳ ሰዓትን በመጠበቅ ብቻ ይገኛል።

ደጋ ከወጡ ጭኮን ይጻፉ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ፣ ለመንገደኛ የሚሰነቅ፣ ቶሎ የማይበላሽ ምግብ ነው። ሐይቅ ላይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለ፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አብሮት አለ። ላስታ ማር አላት። መጠጡም ብዙ ነው፦ ጠላው፣ ጠጁ፣ ብርዙ፣ ሙስሊሙ ቤት የማይጠፋው የማያሰክር ቀሪቦ። ቡናው በመንዙማና በዱዓ ታጅቦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲል ግማሽ ቀን የሚወስድበት ቤት ሞልቷል፤ እዚያ ቤት ሄዶ ሰዓት የሚያይ ጋዜጠኛ ምንም አያገኝም።

ታሪክም ከፈለጉ ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያስገነቡት አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ለግብር ማብሊያ የተሠራ አዳራሽ ነው። ጎብኚዎች ስለ ግንቡ ብዙ ይጽፋሉ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ማን ይጋግር እንደነበር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚኖርበት አገር የሥጋን ነገር እንዴት ይጽፉታል?

እንዳለ። በወሎ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት ሃይማኖታቸው ሊለያይ ይችላል፤ ሠርግና ሐዘንም የጋራ ነው። ሥጋው ግን ይለያል። ጥሩ ደጋሽ ሁለት በሬ ወይም ሁለት በግ ያሳርዳል፣ ድስቱን፣ ቢላዋውንና ጭልፋውን ይለያል፣ ወጥ ሠሪዎቹንም ይለያል። ይህን «መለያየት» ብሎ የሚያዝን ከተሜ ጸሐፊ አለ፤ እኔ እንደማየው ግን ሁለት ማድ ቤት መዘርጋት ወጪም ድካምም ያለው አክብሮት ነው። ስለዚህ ሠርግ ስዘግብ ሁለቱንም ማድ ቤት እጎበኛለሁ።

የመጽሔት ዕቅድ የሚያወጣ አርታኢም ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይያዝ። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚፈጀውን ዐቢይ ጾምና ሌሎቹን አጽዋማት ሲደምር በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ይጾማል። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው ነበር። በእንዲህ ያለ ወር ስለ ክትፎ የሚጽፍ መጽሔት ደሴ ላይ አንባቢ አያገኝም። ስለ ሾርባ፣ ስለ ሳምቡሳ፣ ስለ ስልጆና ስለ ሱፍ ፍትፍት የሚጽፍ ግን ሁለቱንም ቤት ያገኛል።

«በዓይን» የሚሠራን ምግብ እንዴት በልኬት ይጽፉታል?

ሚዛን ይዤ እሄዳለሁ። ባለሙያዋ እጇን ወደ በርበሬው ከመስደዷ በፊት የበርበሬውን ዕቃ እመዝናለሁ፣ ስትጨርስ ደግሞ እመዝናለሁ፤ ልዩነቱ የተጠቀመችው ነው። እንዲህ ሲደረግ «ስንት ማንኪያ ጨመርሽ?» ብሎ መጨቅጨቅ አያስፈልግም፤ ልኩም ጠይቆ ከሚገኘው ይልቅ ትክክል ይሆናል። ጣሳ፣ ስኒና እፍኝ በየቤቱ ይለያያሉ፤ መጽሐፍ ላይ ግራሙን ጽፌ የቤቱን መለኪያ አጠገቡ አስቀምጣለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው አንባቢ ቤቱ ሚዛን የለውም።

ከልኬት ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ርቀት ላይ ብትሆንም ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል ውኃዋ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ባቄላና ሽምብራ ላይ ግን የማብሰያ ጊዜው ልዩነት ይታያል። የባሕር ዳርቻ አገር መጽሐፍ «40 ደቂቃ ቀቅሉ» ያለውን ገልብጦ ያሳተመ ሰው የደሴ አንባቢን ጥርስ ይጎዳል። ሊጡም እንዲሁ ነው፦ ባቲ ቶሎ የሚኮመጥጠው ሊጥ ደሴ ላይ በክረምት አንድ ቀን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ «ሦስት ቀን ይቀመጥ» አልጽፍም፤ ውኃው ሲጠልል፣ አረፋ ሲያወጣ፣ ሽታው ሲለወጥ ብዬ ምልክቱን እጽፋለሁ። አንድን አዘገጃጀት ቢያንስ በሁለት ከተማ፣ በከሰልም በኤሌክትሪክም ሳላሠራ አላሳትምም።

አንዲት ባለሙያ የነገረችኝን አሠራር በመጽሐፌ ማሳተም እችላለሁ?

በሕጉ ትችላለህ፤ ትችያለሽ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ ሥርዓትንና ዘዴን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው አገላለጹን ነው። የሽሮ አሠራር የማንም አይደለም፤ እኔ የጻፍኩት አንቀጽና ያነሣሁት ፎቶ ግን የእኔ ነው። የጽሑፍ መብት ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ሕጉ ያለው ይህን ያህል ነው፤ የኔ ደንብ ከዚህ ይጠብቃል። አሠራሩን የሰጠችኝ ሴት ስሟ እንዲወጣ ከፈለገች ከአዘገጃጀቱ ራስጌ እንጂ በመጽሐፉ መጨረሻ በምስጋና ገጽ አይቀበርም። የሰጠችኝ ሰዓት ይከፈላል። የተጠቀምንበትን ሽንኩርትና ቅቤ የምገዛው እኔ ነኝ። መጽሐፉ ሲወጣ ቅጂው እቤቷ ይደርሳል፣ ማንበብ የማትችል ከሆነች ይነበብላታል። ዜና ላይ ምንጭን መጥቀስ ግዴታ ነው እያለ የሚያስተምር ጋዜጠኛ፣ ማድ ቤት ሲገባ «የወሎ እናቶች እንደሚሠሩት» ብሎ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ሲከት ይገርመኛል። የወሎ እናቶች የሚባል ወጥ ሠሪ የለም።

ይህ ነገር የቀልድ እንዳልሆነ ጤፍ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር፤ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የእናቶቻችን ዕውቀት በጽሑፍ፣ በስምና በቀን ተመዝግቦ መገኘቱ ጥቅም አለው የምለው ለዚህ ነው።

ምግብ ቤት ሲተቹ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

እኔ፣ ወይም ጽሑፉን ያዘዘው መጽሔት። የፈረንሳዩ ሚሽለን መመሪያ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታተማል፤ ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1926 ነው፤ መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሳይገልጹ በልተው ከፍለው ይወጣሉ። ደሴ ላይ ግን ማንነትን መደበቅ ቀልድ ነው። ፒያሳ ላይ የገባሁበትን ቤት ሸዋ በር ሳልደርስ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ መደበቁን ትቼ ሌላ ዘዴ ይዣለሁ፦ ሳይጠበቅ በማይመች ሰዓት መሄድ፣ ሌላ ሰው ልኮ ማስበላት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይበሉ አለመጻፍ።

አበል የሚሉት ነገርም አለ። ሆቴል ሲመረቅ በፖስታ ገንዘብ ይሰጣል፤ ያንን ተቀብሎ የሚጻፍ ነገር ማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያ መሆኑም ይጻፍበት። የምሠራለትን ሆቴል ደግሞ በፍጹም አልተችም፣ አላሞግስም።

ቤታቸው ጋብዘው ያበሉኝን ሰዎች ምግብ መጻፍ እችላለሁ?

ሳይፈቅዱ አይጻፉ። «አፈር ስሆን» እያለ የሚያጎርስ ሰው እንግዳ ተቀበለ እንጂ ቃለ መጠይቅ አልሰጠም።

መጽሔት አልሞተም እንዴ?

ያስፈራል፤ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታተም የነበረው ጉርሜ የተባለው ስመ ጥር የምግብ መጽሔት እንኳ በ2009 ተዘግቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ብዙ መጽሔቶችን ገና በጨቅላነታቸው አስቀርቷል። ሆኖም መጽሔት ላይ መጻፍ አርታኢን፣ የጊዜ ገደብንና የቃል ልክን ያስለምዳል። ፋሲካ ሲደርስ የሚነበበውን በዐቢይ ጾም መጀመሪያ፣ በጾም ሆድ፣ ማዘጋጀትን ያስተምራል።

ክፍያን በተመለከተ ከመጻፍዎ በፊት አራት ነገር በወረቀት ይያዙ፦ የቃሉን ብዛት፣ የክፍያውን መጠን፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ ፎቶዎቹ ከታተሙ በኋላ የማን እንደሚሆኑ። «ሲወጣ እንከፍላለን» የሚል ቃል ጽሑፉ ካልወጣ ክፍያ የለም ማለት ነው።

የምግብ መጽሐፍ ለማሳተም ምን ያህል ያስፈልጋል?

ከሚያስቡት በላይ፤ ምክንያቱም ወጪውን የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። ዋጋውን የሚሰቅለው ባለቀለም ፎቶ ነው። ማተሚያ ቤት ገጾችን በአብዛኛው በ16 ወይም በ8 ብዜት ስለሚያጥፍ ፎቶዎቹን ሁሉ መሃል ላይ በአንድ እጥፋት ሰብስቦ ሌላውን በጥቁርና ነጭ ማተም ብዙ ገንዘብ ያድናል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚገኘው አዲስ አበባ ከወመዘክር (ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ነው። አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን ስለሚወስድ ዋጋ ሲያወጡ ያንን አስቀድመው ያስቡ። ደግሞም ማድ ቤት የሚገባ መጽሐፍ ዘይት ይነካዋል፤ ጠንካራ ወረቀትና ተዘርግቶ የሚቀመጥ ጥራዝ ካማረ ሽፋን ይበልጣል።

ሆቴሎች ከምግብ ጸሐፊ ምን ይፈልጋሉ?

ሲጠሩኝ «ሜኑውን አሳምርልን» ይላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ማሳጠር ነው። ብዙ ሆቴል ስድሳ ምግብ ጽፎ አስተናጋጁ አርባውን «የለም» ይላል። እኔ የማደርገው ማድ ቤቱ በየቀኑ በእርግጥ የሚያወጣውን ለይቶ ማስቀረት፣ የጾሙን በግልጽ መለየት፣ ሥጋው የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም በማያሻማ ቃል ማስፈር ነው። ይህን የመጨረሻውን ሳይጽፍ የሚተው የደሴ ምግብ ቤት እንግዳውን አስተናጋጁን በጆሮው እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

ላሊበላ ሌላ ዓለም ነው። ገና ሲደርስ ከተማዋ በተሳላሚ ትሞላለች፤ በክረምት ደግሞ ማድ ቤቱ ለጥቂት ሰው ይሠራል። የውጭ እንግዳ ሲመጣ ሆቴሎች ስፓጌቲ ላይ ይሮጣሉ፤ እንግዳው ግን ከሩቅ የመጣው ስፓጌቲ ፍለጋ አይደለም። በያይነቱውን በትንንሽ መጠን አቅርቦ እያንዳንዱ ወጥ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር መጻፍ፣ ቅመሙን አስቀድሞ መናገር፣ የላስታን ማር ለቁርስ ማቅረብ ይሻላል። አስተናጋጁም ምግቡን ራሱ ቀምሶ ማወቅ አለበት። ይህን ስጠይቅ የተቆጣ ሥራ አስኪያጅ አጋጥሞኛል፤ «ለሠራተኛ ከዝርዝሩ ላይ አናበላም» አለኝ። ያንን ሆቴል ተውኩት።

የወጥ ፎቶ ለምን አያምርም?

በካሜራ ብልጭታ (ፍላሽ) ስለሚነሣ። ሰሃኑን በጠዋት ከማድ ቤት አውጥተው በር አጠገብ ጥላ ላይ ያድርጉት።

ለመጻፍ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው?

አርታኢዎቹ ያሉት እዚያ ነው፤ ምግቡ ያለው እዚህ ነው። በዓመት የተወሰነ ጊዜ ሄዶ መታየት ይበቃል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ወሎ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ጽሑፎቻቸውም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ።

የጻፍኩትን ልላክልዎ?

ይላኩ፤ ከ800 ቃል አይብለጥ። የሠራችው ሴት ስም (ከፈቀደች)፣ የገበያው ስምና ዕለት፣ የዕቃዎቹ ዋጋ ይኑርበት። «ወሎ የፍቅር አገር» ብሎ የሚጀምረውን አላነብም።